የቅዳሜው ቅርፊት

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዘርፌ ባሏን ቄስ ጸጋዬን ደጃፉ ላይ ከበርጩማ ታስቀምጥና ግንባራቸው ላይ ያለውን ቅርፊት ትፍቃለች። መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ ጨርቅ ነክራ ታርሰዋለች፤ ሲርስ ከዳር ከዳሩ በጥፍሯ ታነሣዋለች፤ እንቢ ያለውን በምላጭ። ሲላቀቅ እንደ ረጠበ ቁርበት ይሸታል። ከሥሩ ቀይ ይወጣል፣ ውሃ ያዘለ፣ የሚያለቅስ ቀይ። እሱን በቅቤ ትደፍነዋለች። ከዚያ እጇን በአመድ ሦስት ጊዜ ትታጠባለች፤ ታጥባም ያን ቀን እራት አትበላም።

ለምን ቅዳሜ ቢሉ፣ እሑድ ቅዳሴ ነው። ደም የሚፈስሰው ቄስ መቅደስ አይገባም። ቅዳሜ ከሰዓት ከተፋቀ እስከ ማለዳ ይደርቃል፤ ዓርብ ከተፋቀ ደግሞ እሑድ እንደገና ቅርፊት ይዞ ሰው ያያል። ይህን ቀን የመረጠችው ራሷ ናት። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ቄስ ጸጋዬ ሲወለዱ ጀምሮ ነጭ ናቸው። ጸጉራቸው እንደ ገብስ ገለባ፣ ሽፋሽፍታቸው ነጭ፣ ዓይናቸው ብርሃን የማይችል። አባታቸው በጋይንት ደጋ ገብስና ባቄላ የሚዘሩ ደህና ገበሬ ነበሩ፤ ግን ልጁ ሞፈር ጨብጦ ግማሽ ቀን ከዋለ ክንዱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ በሦስተኛው ቀን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላላጣል። ለእርሻ የማይሆን ልጅ ምን ይደረጋል? ወደ ቤተ ልሔም የዜማ ትምህርት ቤት ተላከ። ዜማ በጆሮ ነው የሚገባው፤ ዓይንም ቆዳም አይጠይቅም። ዐሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠው፣ የአገሩን ውሻ ሁሉ ጥርስ ቀምሰው፣ ድምፃቸው ወጥቶ ተመለሱ።

ዘርፌ ስትዳርላቸው ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሳቸው ያኔ ዲያቆን ናቸው። አባቷ «የተማረ ነው፤ የተማረ ሰው መልክ አይታይም» ብለው ነበር የሰጧት። መልኩን ማንም አልነገራት። ሰርጉ ላይ ሙሽራው ሊያጎርሳት እጁን ሲዘረጋ ነው መጀመሪያ ያየችው። ላባው የተነጨ ዶሮ መሰላት። ጣቶቹ ነጭ፣ ጥፍሮቹ ቀላ ያሉ፣ በላያቸው ወጡ እየወረደ። ሰው ሁሉ እያየ እንቢ አይባል። ጎረሰች። ጉንጯ ውስጥ ይዛ ዘፈኑ ሲደራ ወደ አጥሩ ጓሮ ሄደችና ተፋችው።

ይህን ለማንም አልተናገረችም። ያስታረቃት የእሳቸው ድምፅ ነው። ጥምቀትና መስቀል ሲሆን፣ ማሕሌት ሲቆም፣ ከሴቶቹ መሐል ሆና ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው የእኔ ነው ትላለች። ቀስ በቀስ ዓይኗን መግለጥም ለመደች። አምስት ወልዳ ሦስት አደጉላት፤ ሦስቱም ጠይም ሆነው ሲወጡ አማቷ ከደስታ ብዛት እልልታውን ሦስት ቀን አላቋረጡም። ልጆቹ ዛሬ በየከተማው ናቸው። ቤቱ የሁለቱ ሆነ።

ቅርፊቱ የመጣው ቄሱ ስድሳን ካለፉ በኋላ ነው። ጥምጥማቸው በሚያልቅበት፣ በቀኝ ግንባራቸው ላይ፣ መጀመሪያ እንደ አሸዋ ሻካራ ነገር ሆነ። ጠጉር ሲነካው ያሳክካል። ከዚያ ጠነከረ፣ ወፈረ፣ ብር የሚያህል ሆነ። አርባ ዓመት ሙሉ ለታቦት ጥላ የያዙ ሰው ለራሳቸው አንድ ቀን ጥላ አልያዙም።

ጸበል ተጠመቁ። ከሸለቆው ማዶ ያለ ባለመድኃኒት የፍየል ሐሞት በጥላሸት ለውሶ፣ ስሙን ያልተናገረው ሥር ጨምሮበት ላከ። ሰባት ቀን ተለጠፈ። ዝንቡ! ዘርፌ ያን ዝንብ ዛሬ ስታስታውሰው ፊቷን ታጨማድዳለች። ቄሱ ሲራመዱ ዝንቡ አብሮ ይራመድ ነበር፤ ሲቀመጡ ይቀመጣል። በስምንተኛው ቀን ልጥፉን አንሥታ ከነጨርቁ እሳት ውስጥ ከተተችው፤ ሲቃጠል የሸተተውን ሽታ አፍንጫዋ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ነው «በገዛ እጄ አጸዳዋለሁ» ያለችው።

ሰው ግን ሰው ነው። ካህን በመስቀሉ ሲባርክ ግንባርን አስነክቶ ከንፈርን ማስነካት የአገሩ ልማድ ነው። የቄስ ጸጋዬን መስቀል የሚሳለሙት ሴቶች ግንባራቸውን ያስጠጋሉ፣ ከንፈራቸውን ግን አየር ላይ ያጮሃሉ። ከሁሉ የባሰችው ባንቺዓለም ናት፣ የዘርፌ ጎረቤትም አበልጅም። የባንቺዓለምን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣችው ዘርፌ ናት፤ ያጠመቁት ቄስ ጸጋዬ ናቸው። ባንቺዓለም አየሩን ስማ ዘወር ስትል በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትጠርጋለች። ዘርፌ ይህን ባየች ቁጥር አንጀቷ ይቃጠላል። ደግሞም ታፍራለች፤ እሷ ራሷ ከቅዳሜ በኋላ ከባሏ ጋር በአንድ ገበታ ስትቀርብ ከራቀው ጫፍ ነው የምትቆርሰው።

ገበዙ ሙሉቀን፣ የደብሩን ዕቃና ሥርዓት የሚጠብቀው፣ ሁለት ጊዜ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር።

«አባ፣ ሰው እያጉረመረመ ነው» አለ። «ለምጽ ነው የሚሉም አሉ።»

«ለምጽማ ብሆን ገና ስወለድ ነጥቼ አልወጣሁም?» አሉ ቄሱ ሳቅ ብለው።

«እንዲያው ትንሽ ጊዜ ቢያርፉ ምናለ?»

«ልረፍ። ማን ይቀድስ?»

ቅዳሴ በአምስት ነው፣ በሁለት ቄስና በሦስት ዲያቆን። ደብሩ ያሉት ቄሶች ቄስ ጸጋዬና ቄስ ሀይሌ ብቻ ናቸው። አንዱ ከቀረ ቅዳሴው ይታጎላል። ስለዚህ እየተጸየፏቸው ያቆሟቸዋል፤ እያቆሟቸው ይጸየፏቸዋል። ዘርፌ ከሁሉ የሚያቅለሸልሻት ይኸ ነው።

ጥቅምት ላይ፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወሬ ይዛ መጣች። ንፋስ መውጫ ከተማ የቆዳ ሐኪሞች ሊመጡ ነው፤ ሳይቆርጡ፣ ሳይወጉ፣ በብርሃን ብቻ ቆዳን እስከ ውስጡ የሚያሳይ ሳጥን ይዘዋል። ክፉ ነገር ከመሆኑ በፊት ይለየዋል። ሐሙስ ሐሙስ ሕዝብ ያያሉ።

ዘርፌ ለቄሱ ነገረች።

«ቢላ አለው?» አሉ።

«የለውም አለች።»

«መርፌስ?»

«ብርሃን ብቻ ነው አለች።»

«ብርሃንማ ዱሮም ጠላቴ ነው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ረጋ ብለው «ደም ካልወጣ እሄዳለሁ። እሑድ ቅዳሴ አለብኝ» አሉ።

እንግዲህ ዘርፌ ያደረገችውን ስሙ። ረቡዕ ከሰዓት በርጩማውን አወጣች። ባሏን ለእንግዳ ሐኪም፣ ለከተማ ሰው፣ እንዲህ ቅርፊት ተሸክመው ልታቀርባቸው ነው? «ሚስት የላቸውም?» ይበሏት? ውሃውን አሞቀች። ከቅዳሜው ሁሉ አብልጣ ፋቀች፤ ጥግ ጥጉ ላይ የቀረችውን ሁሉ በአዲስ ምላጭ ለቀመች። ቄሱ ጥርሳቸውን ነከሱ። ደሙ ሲወርድ ጨርቅ ተጫነች። በመጨረሻም ለጋ ቅቤ ከነአሬራው ለቀለቀችው።

ሐሙስ ማለዳ ወጥተው፣ እስከ መኪናው መንገድ በእግር፣ ከዚያ በሚኒባስ፣ ከተማው ውስጥ በባጃጅ ደረሱ። ሐኪሞቹ ድንኳን ተክለዋል። ወረፋው ረጅም ነው፤ እከክ ያለበት፣ ቋቁቻ ያለበት፣ እግሩ ያበጠ። ሰው ከሰው ይርቃል። አንዲት ሴት ቄሱን ስታይ ልጇን ወደ ቀሚሷ ሳበችው። ዘርፌ እያየቻት ነበር፣ የሴትዮዋም እግር ሸካራ ነው፣ እንደ ገደል ድንጋይ። ማን ማንን ይጸየፋል ያሰኛል።

ሐኪሟ ዶክተር ሰብለ የምትባል ቀጭን ልጅ ናት፤ ከሠላሳ አታልፍም፤ ድካም ዓይኗ ላይ ይታያል። ስልኳ ጀርባ ላይ ትንሽ አጉሊ መስተዋት ከነመብራቱ ተገጥሞበታል። አስጠግታ ግንባራቸው ላይ አደረገችውና ወዲያው አነሣችው። መስተዋቱ ቅቤ በቅቤ ሆኗል። በሶፍት ጠረገች፤ እንደገና ሞከረች።

«ይሄን ማነው የላጠው?»

ዘርፌ «እኔ ነኝ» አለች፣ ለሥራዋ ምስጋና ጠብቃ። «እንዳያዩት ብዬ አጽድቼ ነው ያመጣሁት።»

«እናቴ፣ እኔ የመጣሁት ላየው ነው እኮ።»

ልጅቱ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወደ ሳጥኑ ወሰደቻቸው። ሳጥኑ የልብስ ሻንጣ ያህላል፤ ከሱ ገመድ ወጥቶ ጫፉ ላይ ብርሃን አለ። መጀመሪያ «ጤነኛውን ላሳይዎት» ብላ የዘርፌን ክንድ ያዘችና ብርሃኑን አስነካችው። አይሞቅ፣ አይቀዘቅዝ። የሳጥኑ ማያ ገጽ ላይ ግራጫ ነገር በድርብ በድርብ ሆኖ ወጣ፤ ከላይ ስስ፣ ከሱ በታች ወፈር ያለ፣ ከሱ በታች ደግሞ ሌላ። ክረምት ጎርፍ የበላው ገደል አፈሩን በየድርቡ እንደሚያሳየው ነው። ዘርፌ ገረማት። ሬሳ ሳይሆኑ ውስጥን ማየት!

«ድርቡ እንዲህ በሥርዓት ከሆነ ደህና ነው» አለች ሰብለ። «ከላይ ያለው ሲወፍርና ሲዘበራረቅ ክፉው ሊመጣ ነው ማለት ነው። ድርቡን ጥሶ ወደ ታች ከወረደ ደግሞ መጥቷል።»

ከዚያ የቄሱ ተራ ሆነ። ማያው ላይ ጉም ብቻ ወጣ። ነጭ ጉም፣ መሐሉ ጥቁር። ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ሦስቴም ጉም።

«ደሙና እብጠቱ ጋረደው። ብርሃኑ አያልፍም። ቁስሉ የበሽታው ይሁን የምላጩ መለየት አልችልም።» ሰብለ በረጅሙ ተነፈሰች። «አባቴ፣ ትንሽ ቆርጬ ልላከውና በናሙና ይታወቅ?»

ቄሱ ከወንበሩ ተነሡ። «ደም የለም ተብዬ ነው የመጣሁ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ይቀመጡ። እንግዲያው ማንም አይንካው። ውሃና ቫዝሊን ብቻ። ባርኔጣ ያድርጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ነው የምንሆነው፤ እዚያ ይምጡ።»

«በጥንት ጊዜ የሰው ቆዳ የሚያየው ካህን ነበር» አሉ ቄሱ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ። «አይቶ ካልገባው ሰባት ቀን ዝጉበት ይልና እንደገና ያያል። ያንቺም ከዚያ አልራቀም።»

«የእኔ ዐሥራ አራት ቀን ነው። ሚስትዎም ይዘጋባቸው» አለችና ዘርፌን አይታ ሳቀች። ዘርፌ አልሳቀችም።

መጣ ቅዳሜ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የዘርፌ እጅ ሥራ ፈታ። ባቄላ ለቀመች፤ ጓሮ ገባች፤ ወጣች። ቅርፊቱ እንደ ዛፍ ልጥ ወፍሯል፤ ዳሩ ቢጫ ነው፤ ከሥሩ አንድ ነገር ሲያዥ ይታያታል። ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረችው። ይህን ያህል የሚያስቸግራት ለምን እንደሆነ አልገባትም። ልትጠግነው ነው የምትፈልገው ወይስ ከዓይኗ ሥር ልታጠፋው?

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቄሱ ከነቅርፊታቸው ቀደሱ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ለመሳለም ሲወጣ ሁሉም ወደ ቄስ ሀይሌ ጎረፈ። የቄስ ጸጋዬ መስቀል ባዶ አየር ባረከ። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ዓይነ ሥውር ብቻ ተሳለሟቸው። ባንቺዓለም በር ላይ ዘርፌን ጠበቀቻት።

«አንቺ፣ ምነው ሰነፍሽሳ? ባልሽን ማጠብ ተውሽ?»

«ሐኪም አትንኪው ብሎኝ ነው።»

«ሐኪም! እኛስ ዓይን የለንም? ቁርስ ሳልበላ ወጥቼ ቁርሴን ልታስረሺኝ። ድሮ እንኳ ቅዳሜ ቅዳሜ ትፍቂላቸው ነበር።»

ዘርፌ ደነገጠች። ታውቅ ኖሯል። አራት ዓመት አጥር ለአጥር እያየች፣ እንዲህ ተፍቆም አፏን ስትጠርግ ኖራለች። ዘርፌ ባንቺዓለም የቆመችበትን ሣር እንኳ ላለመርገጥ ዞራ ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ሽሮ ቀርቦ ቄሱ ጎንበስ ብለው ሲቆርሱ፣ ቅርፊቱ ተላቆ ገበታው ላይ ወደቀ። ሽሮው መሐል። እንደ ባቄላ ገለፈት ተገልብጦ ቁጭ አለ።

ዘርፌ ሮጣ ወጣች። ሰርጓ ቀን የተፋችው ቁራሽ ሳይቀር የመጣ እስኪመስላት ድረስ የጓሮውን አጥር ተደግፋ አስመለሳት። አፏን ተጉመጥምጣ ስትመለስ ቄሱ ገበታውን ከድነው ተቀምጠዋል።

«አትቅረቢ፤ እኔ እደፋዋለሁ» አሉ።

ቀረበች። ግንባራቸውን አየች። ደም የለም። ቅርፊቱ የነበረበት ቦታ ላይ ስስ፣ ለስላሳ፣ ሮዝ ቆዳ በቅሏል፣ እንደ አራስ ልጅ ተረከዝ።

ወደ ወገዳ የሄዱት በአይሱዙ ጭነት ላይ ነው፤ ሚኒባስ በዚያ ሰሞን አይወጣም ነበር። የስማዳ መንገድ ድንጋዩ አጥንት ይለያል። ቄሱ ከጥምጥማቸው በላይ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ደፍተዋል፤ ገበያተኛው «አባ፣ ቤት ከነጣራው ተሸክመው ነው?» እያለ ሳቀባቸው፤ እሳቸውም «ኪራይ ስለተወደደ ነው» እያሉ ሳቁ። ዘርፌ ብቻ አልሳቀችም። ልቧ ማያው ላይ ነው።

ሰብለ ግንባራቸውን አይታ «በጎ!» አለች። በስልኳ አየች፣ ከዚያ በሳጥኑ። የገደሉ ድርብ ታየ፤ ከላይ ያለው ትንሽ ወፍሯል፣ ትንሽ ተዛብቷል፣ ከሱ በታች ያለው ግን በሥርዓቱ ነው።

«የፀሐይ ጉዳት ነው። ካልታከመ ወደ ክፉ ይሄዳል፤ ገና ግን ከላይ ነው። በቅባት ይድናል። ቢላ የለም።»

ቄሱ አማተቡ።

«እና ያ ሁሉ ቅርፊት?» አለች ዘርፌ።

«አብዛኛው ቁስል ነው፣ እናቴ። በየሳምንቱ ሲላጥ በየሳምንቱ የሚቆስል። እርስዎ ብቻ አይደሉም ጥፋተኛ፣ ፀሐዩም አለ።»

ዘርፌ እጇን ከነጠላዋ ሥር ደበቀች። አራት ዓመት ሕዝብ የተጸየፈውን እሷ ናት ስትጋግረው የኖረች። ምድር ብትውጣት በወደደች።

«አሁን ጥምጥምዎን ይፍቱልኝ፤ ሁሉንም ልይ» አለች ሰብለ። አናታቸውን፣ አንገታቸውን፣ ክንዳቸውን በመብራቱ ዳሰሰች። ቀኝ ጆሯቸውን አጥፋ ከኋላው ስታይ ቆመች። ስልኩን አስጠጋች። ራቅ አድርጋ እንደገና አስጠጋች። ከዚያ ምንም ሳትናገር የሳጥኑን ብርሃን ጎተተች።

ከጆሯቸው ጀርባ ምስር የምታህል ቀላ ያለች ነገር አለች። ልሙጥ ናት። አትሸትም፣ አታዥም፣ ቅርፊት የላትም። ዘርፌ አይታት ይሆናል፤ ማን ልብ ይላታል?

ማያው ላይ ድርቡ ጠፋ። አፈሩ እንደ ተናደ ገደል ሁሉም ተደባልቋል።

«ይቺ ናት» አለች ሰብለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወደ ታች አልጣሰችም፣ ድንበሩ ላይ ናት። ዛሬ ብቆርጣት ታልቃለች። ከቆየች ጆሮዎን፣ ከዚያ አንገትዎን ትበላለች።»

«ደሙ በስንት ቀን ይደርቃል?» አሉ ቄሱ።

«ስፌቱ እስኪወጣ ሁለት ሳምንት።»

«ሁለት እሑድ።» ጥምጥማቸውን አነሡ። «ገና ነው ካልሽ ይቆይ፣ ልጄ። ጥምቀት ይለፍ። እኔ ከቀረሁ ቅዳሴ የለም።»

«አባቴ፣ ከጥምቀት በኋላ የት እንደምንሆን እኔም አላውቅም።»

ቄሱ ጥምጥማቸውን መጠምጠም ጀመሩ። ዘርፌ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው። እንደ እብድ ነው የወጣላት።

«አንቱ፣ ቅርፊትዎን ስፍቅ ላድንዎት መስሎዎት ነበር? ላድንዎት አልነበረም! ማየት አላስችል ብሎኝ ነው። ተጸይፌዎት ነው! ገና ሰርጋችን ቀን ያጎረሱኝን ተፍቻለሁ። ይኸው የተጸየፍኩት ምንም አልነበረም። ይቺ ልሙጧ፣ ሳልጸየፋት የኖርኩት፣ ልትገድልዎት ነው። እና ለእነዚያ አየር ለሚስሙት ብለው ይሞታሉ?»

ቄሱ ደካማ ዓይናቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።

«ለእነሱ ብዬ አይደለም የምቀድስ» አሉ። «አንቺን ግን አውቃለሁ። ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አይደክምም። ያኔ ከአጥሩ ጓሮ ስትተፊ ሰምቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜም እራትሽን እንደማትበዪ አውቃለሁ።»

«አውቀው ምነው ዝም አሉ?»

«ብናገር ደግሞ ሌላ ምን ታደርጊያለሽ? ተቀምጠሽ ፋቅሽ። ሌላው ሰው አልቀረበኝም።» ጥምጥሙን መልሰው ፈቱና ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «በይ ቁረጪ፣ ልጄ። አራት ዓመት በከንቱ ደምቻለሁ፤ አንድ ቀን ለቁም ነገር ልድማ።»

ረዳት አልነበረም፤ የሰብለ ባልደረባ ሌላ ድንኳን ነበር። «እናቴ፣ ጆሯቸውን ወደ ፊት አጥፈው ይያዙልኝ» ብላ ጓንት አጠለቀችላት። ዘርፌ ያዘች። ማደንዘዣው ሲገባ ቆዳው አበጠ። ምላጩ ሲያልፍ ደሙ በጓንቱ ላይ ሞቅ ብሎ ወረደ። መጸየፉ አልለቀቃትም፤ እንዲያው ጨርሶ አልለቀቃትም፤ አፏ ምራቅ ሞላ። እጇ ግን ንቅንቅ አላለም። ያቺ ምስር የምታህል ነገር ብልቃጥ ውስጥ ስትገባ አየቻት። ውሃው ውስጥ ዞራ ዞራ ተቀመጠች። ምንም የማታክል ነገር።

የመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴው ታጎለ። ቄስ ሀይሌ ብቻቸውን ኪዳን አድርሰው ሕዝቡን አሰናበቱ። ቄስ ጸጋዬ ከቅጽሩ ውጭ ቆመው ጸሎታቸውን አደረሱ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ ስንት ዓመት የተጸየፏቸው ሰዎች «ያለ ቅዳሴ አስቀሩን» አሉ። የባንቺዓለም የልጅ ልጅ ክርስትና በሁለተኛው እሑድ ሊሆን ነበር።

ቅዳሜ ጧት ሙሉቀንና ባንቺዓለም አብረው መጡ። ባንቺዓለም ገና ከበር ስትገባ ጎንበስ ብላ፣ ከቄሱ እጅ መስቀሉን ስባ፣ ሞጭ አድርጋ ሳመችው። ዘርፌ ያንን ድምፅ ስትሰማ የሰውነቷ ጠጉር ቆመ።

«አባ» አለ ሙሉቀን፣ «ነገ እንዴት ያደርጉናል?»

«ነገ አልገባም። ቁስሌ ገና ነው።»

«አይ፣ እሱማ...» ሙሉቀን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከጆሮ ኋላ ነው አይደል? ጥምጥሙን ትንሽ ዝቅ ቢያደርጉት ማን ያያል?»

«ማንም አያይም፣ የኔ አባት» አለች ባንቺዓለም። «ድግሱ ተደግሷል እኮ። ጠላው ተጠምቋል።»

ዘርፌ ሁለቱንም አየቻቸው። ምንም ያልሆነ ቅርፊት ሲታይ «ይረፉ» ያለው ይኸው ሰው ነው፤ እውነተኛ ደም ሲመጣ «ይሸፈን» የሚለውም እሱ ነው። ከፍየሉ ሐሞት፣ ከዝንቡ፣ ሽሮው ላይ ከወደቀው፣ ከሁሉ በላይ ይኸኛው አንገሸገሻት።

ቄሱ «ሐኪሟ ባለችው ቀን እገባለሁ፤ እስከዚያ ከጎረቤት ደብር ቄስ ለምኑ» ብለው ተነሡ። ሙሉቀን ወደ ዘርፌ ዞረ።

«እመት ዘርፌ፣ እስቲ አንቺ ምከሪያቸው።»

«እኔማ ለዘላለም ቤት ይዋሉ ነበር የምላቸው» አለች። «ሂዱ፤ ጠላችሁ ይሻግታል።»

ክርስትናው በሌላ ደብር ሆነ። በሦስተኛው እሑድ ቄስ ጸጋዬ ስፌታቸው ወጥቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ባርኔጣቸውን ደጀ ሰላሙ ላይ አስቀምጠው ገቡ፣ ቀደሱም። የግንባራቸው ቅባት ሥራውን ሲጀምር ቆዳው ቀልቶ ስለነበር ሰዉ አሁንም ሸሸት አለ።

ከዚያ በሳምንቱ፣ ዘርፌ ባቄላ ስትወቃ ስልክ ተደወለ። ሰብለ ናት።

«እናቴ፣ ውጤቱ መጣ። ዳር ዳሩ ሁሉ ንጹሕ ነው። አልጣሰችም ነበር። በየስድስት ወሩ ግን እናያቸዋለን።»

«ተመስገን» አለች ዘርፌ። «አለቀ ማለት ነው?»

«ለጊዜው አልቋል።»

ለቄሱ ነገረቻቸው። እሳቸውም «እንግዲያ ለሰዉ ንገሪያቸው፤ ለምጽም ተላላፊም እንዳልሆነ ይወቁ» አሉ። ማታ ባንቺዓለም አጥር ላይ ቆማ «ምን አሉሽ? ክፉ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

ዘርፌ ገለባውን በመንሽ አነሣችና ወደ ነፋሱ በተነችው። ንጹሕ መሆኑን አልነገረቻትም። ይጸየፉ።